በወለል ሥር ስለሚቀበር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ




በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ በባዶ እግሩ ሊሾ የረገጠ ሰው ስለ ወለል ቅዝቃዜ ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ደብረ ብርሃን ላይ በውርጩ ወራት ነገሩ ይብሳል። ይህን ብርድ ለመከላከል በብዙ ቤት የሚደረገው የታወቀ ነው። ቡና የተፈላበት ከሰል ገና ፍም እንደሆነ ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል። ፍሙ ስለማይጨስ ጉዳት ያለው አይመስልም። ነገር ግን አየር ባነሰው መጠን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፤ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያግዳል፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ በዚያው ይቀራል። ማታ ተሳስቀው ተኝተው ጧት በራቸው ተሰብሮ ስለ ተገኙ ሰዎች ያልሰማ በዚህ አዳራሽ አይኖርም።

ስለዚህ ከእሳትና ከጭስ የተለየ ሙቀት በቤት ውስጥ ማግኘት የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከሙቀት ማግኛዎቹ አንዱ በወለሉ ውስጥ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዙ ቤት፣ በተለይም በመታጠቢያ ክፍሎች፣ ከተለመደ ቆይቷል። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በገዛ ቤታቸው ያውቁታል፤ አንዳንዶቹም በእጃቸው ዘርግተውታል። ወደ አገር ሲመለሱ ወይም ለወላጆቻቸው ቤት ሲሠሩ ጥቅሉን በሻንጣ ይዘውት ይመጣሉ። ሽቦው ከሚቀበርበት ወለል ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ገላው በውሃ የራሰ ባዶ እግር ሰው ነውና፣ ነገሩ ወግ ባለው ሁኔታ ሊመረመር ይገባዋል።

ወለልን ማሞቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሮማውያን የመታጠቢያ ቤቶቻቸውን ወለል በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ አቁመው፣ ከምድጃ የሚመጣውን ትኩስ አየር ከሥሩ ያሳልፉ ነበር። ኮሪያውያን ኦንዶል በሚሉት ዘዴ የማብሰያውን ጭስ በድንጋይ ንጣፍ ሥር መርተው በሌላው የቤቱ ጫፍ ያስወጡታል። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት የዚህን ዓይነት ወለል በጃፓን አገር ካየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በዊስኮንሲን በተጠናቀቀው የጄከብስ ቤት ወለል ሥር የማሞቂያ ቧንቧ አስቀብሯል። የኮሪያ ታሪክ ግን አንድ መራራ ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ማገዶው በተጠፈጠፈ የድንጋይ ከሰል ሲተካ፣ ጋዙ በወለሉ ስንጥቅ እየሾለከ የተኙ ሰዎችን በብዛት ገደለ። ከእኛ ማንደጃ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ይህን አደጋ ከሥሩ ነቅሎ ይጥለዋል፤ በምትኩ ግን የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል።

የአሠራሩ መሠረት እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው ሕግ ነው። ኮረንት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቱ ካሬና በሽቦው ተቃውሞ፣ ማለት በሬዚስታንሱ፣ ልክ ነው። ይህንን ሕግ በኢትዮጵያ ከማንም በላይ በየሳምንቱ የምትሠራበት እንጀራ ጋጋሪዋ ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ምንድን ነው? በሸክላው የታችኛው ገጽ በተፋቀ ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ የሬዚስታንስ ሽቦ ተኝቶ ይታሸግበታል፤ ሸክላው ሙቀቱን ተቀብሎ ለሊጡ ይሰጣል። ወለሉም ሰፊ፣ ቀዝቀዝ ያለ ምጣድ ነው። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚሆነውን ኃይል ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ሸክላ ላይ ያፈስሳል፤ ወለሉ ግን ለአንድ ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ዋት ይበቃዋል።

በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ግን የኃይሉ መጠን አይደለም። ምጣዱ ሽቦው ቢቃጠል ተገልብጦ ይፈታል፤ ሠሪው ዘንድ ተወስዶ በአንድ ቀን ይታደሳል፤ ጋጋሪዋም ስትጨርስ ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። የወለሉ ሽቦ ከሲሚንቶና ከሴራሚክ በታች ተቀብሮ ቤቱ እስካለ ድረስ እዚያው ይኖራል። የተሠራበት ስሕተት ሁሉ አብሮት ይቀበራል። በዚህ ሥራ ጥንቃቄ ማለት ከመቀበሩ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መዶሻና መሮ ነው።

በቤት ውስጥ የሚዘረጋው የተለመደው ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሬዚስታንስ ሆኖ በፋብሪካ ተለክቶ የሚመጣ ነው። አንዳንዱ በጥቅል ብቻውን፣ አንዳንዱ በመረብ ላይ ተሰፍቶ እንደ ምንጣፍ ይሸጣል። ከማሞቂያው ክፍል ጋር የማይሞቅ የመገናኛ ገመድ በፋብሪካ ተቀጥሎለታል፤ ሙቁና ቀዝቃዛው የሚገናኙበት መጋጠሚያም ምልክት ተደርጎበታል። በዚህ ሽቦ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የሚከፋው መቁረጥ ነው። ክፍሉ ጠበብ ብሎ ሽቦው ሲተርፍ፣ ሠራተኛው የመብራት ሽቦ እንደሚቆርጠው በፒንሳ ቆርጦ ትርፉን ይጥላል። ይህ ሰው ቆጥቤያለሁ ይላል፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው።

60 ሜትር ርዝመት ያለውና በ220 ቮልት 600 ዋት የሚሰጥ ሽቦ እንውሰድ። ለአንድ ሜትር 10 ዋት ይደርሰዋል። ሬዚስታንሱ 220 በ220 ተባዝቶ ለ600 ሲካፈል 80.7 ኦም ገደማ ነው። ሽቦው እኩል ለእኩል ቢቆረጥ የሚቀረው 30 ሜትር 40.3 ኦም ይሆናል። ቮልቱ ስላልተለወጠ ኃይሉ በግማሽ አይቀንስም፤ ይልቁንም እጥፍ ሆኖ 1,200 ዋት ይደርሳል። ያም ኃይል በግማሽ ርዝመት ላይ ስለሚወርድ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው ከ10 ወደ 40 ዋት፣ ማለት አራት እጥፍ፣ ያድጋል። ሽቦው ለዚህ አልተሠራም። ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ወለሉ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ጣውላ ወይም ፕላስቲክ ንጣፍ ካለ እሳት ሊነሣ ይችላል። ብሬከሩ ደግሞ ይህን አያየውም፤ 1,200 ዋት አምስት ተኩል አምፔር ገደማ ብቻ ነውና። እኩሌታ መቁረጥ የሞኝ ሥራ ነው፣ ጥቂት ብቻ ቢቀነስ ግን ምን አለበት የሚል ቢኖር፣ ከ60 ሜትር 6 ሜትር ብቻ መቁረጥ ለአንድ ሜትር የሚደርሰውን ኃይል በ23 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሽቦው ከመገዛቱ በፊት ክፍሉ ይለካል፤ ከክፍሉ ስፋት ላይ የመጸዳጃው መቀመጫ፣ የመታጠቢያ ገንዳውና ወለል ላይ የሚቀመጠው ቁም ሣጥን የሚይዙት ቦታ ይቀነሳል፤ የተረፈው ስፋት ነው ወደ ሱቅ ይዞ የሚኬደው። ሽቦው ለክፍሉ ይገዛል እንጂ በክፍሉ ልክ አይቆረጥም። በመረብ የተሰፋው ዓይነት አቅጣጫ ሲለውጥ መረቡ ይቆረጣል፤ ሽቦው ግን አይነካም። ውሃ በቧንቧ ውስጥ እንዳይረጋ የሚጠመጠመውና እንደ ሙቀቱ ራሱን የሚቆጣጠር ሌላ ዓይነት ሽቦ አለ፤ እርሱ ሊቆረጥ ይችላል። ሁለቱን ማምታታት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በሻንጣ ስለሚመጣው ዕቃ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ ለቤት የሚሸጠው የዚህ ሽቦ አንዱ ክፍል ለ120 ቮልት፣ ሌላው ለ240 ቮልት የተሠራ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራው 600 ዋት ሽቦ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ቢቀጠል ኃይሉ 3.36 ጊዜ ተባዝቶ ከ2,000 ዋት ያልፋል። የራዲዮ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ቮልት ሲሳሳት ወዲያው ጢስ አውጥቶ ስሕተቱን ይናገራል፤ ባለቤቱም ይነቅለዋል። ይህ ግን በሲሚንቶ ውስጥ ሆኖ ሲቃጠል የሚያየው የለም። በጥቅሉ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት፣ ቮልቱን፣ ዋቱንና ኦሙን የያዘችው፣ ከዕቃው ሁሉ የከበረች ናት። ብዙ ጊዜ ግን ከካርቶኑ ጋር ትጣላለች።

ሁለተኛው ታላቅ ጉዳይ የመሬት ማስያዣው ነው። በብዙ የአገራችን ወጥ ቤት ምጣድ ላይ ቆማ የምትጋግር ሴት «ትንሽ ይነዝራል» ስትል ትሰማለች። ይህንንም የምትለው እንደ ጭስና እንደ ትኩሳት የሥራው ጠባይ አድርጋ ነው። ደረቅ ጣውላ ላይ ቆማ፣ ጫማ አድርጋ፣ እጇ ሳይርስ መጋገርን ከልምድ ተምራለች፤ ልማዱም እስከ ዛሬ አትርፏት ይሆናል። ነገር ግን ያ ንዝረት የሥራው ጠባይ አይደለም፤ ኮረንት ከመንገዱ ወጥቶ በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት መውረዱን የሚያመለክት ነው። በመታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ጣውላም ጫማም ደረቅ እጅም የለም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል፣ ሰው የያዘውን የኤሌክትሪክ ዘንግ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የማይችልበትን የኮረንት መጠን በበጎ ፈቃደኞች ላይ ለክቶ ነበር። በ60 ኸርዝ አማካዩ ለወንዶች 16 ሚሊአምፔር፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር ሆኖ ተገኘ። በደረት በኩል የሚያልፍ 100 ሚሊአምፔር የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። 10 አምፔር የሚል ጽሕፈት ያለበት ብሬከር ግን 10,000 ሚሊአምፔር እስኪያልፍ ድረስ ከቶ አይንቀሳቀስም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰውን አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው ሠራተኞች አር ሲ ዲ የሚሉት የፍሳሽ ኮረንት መቁረጫ ነው። ዳልዚል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዚህ ተግባር የሚሆን መሣሪያ ሠርቷል። መሣሪያው በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኮረንት ያመዛዝናል፤ ልዩነት ካየ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ፣ እንደ ሄደ ቆጥሮ ይቆርጣል። የወለል ማሞቂያ የሚጠብቀው መሣሪያ ከ30 ሚሊአምፔር ያልበለጠ መሆን አለበት። በዚህ መጠን ሲነካ ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ይቆርጣል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ60364 መመሪያው ለተቀበሩ ማሞቂያዎች በተለየው ክፍል ይህንን ይጠይቃል፤ የአሜሪካም የኤሌክትሪክ ደንብ በመታጠቢያና በወጥ ቤት ወለል ለሚዘረጋ ሽቦ ተመሳሳይ ጥበቃ ያዝዛል።

መሣሪያው ብቻውን ግን አይበቃም። ጥሩው የማሞቂያ ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ የብረት መረብ ለብሷል። መረቡ ከመሬት ማስያዣው ጋር ሲገናኝ፣ ምስማር ወይም መሰርሰሪያ ሽቦውን ቢወጋው ኮረንቱ በመረቡ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፤ መቁረጫውም ሰው ሳይነካው አስቀድሞ ይቆርጣል። መሬት ማስያዣ ከሌለ መረቡ ራሱ ኮረንት ተሸክሞ በእርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል፤ መቁረጫው የሚሠራውም የመጀመሪያው ባዶ እግር መንገዱን ሲከፍትለት ነው። እርግጥ ነው፣ ያኔም ፈጥኖ ይቆርጥ ይሆናል። ነገር ግን በሰው ገላ የሚፈተን ጥበቃ መሐንዲስ ሊመካበት የሚገባ ጥበቃ አይደለም።

በዚህ ላይ በአገራችን ቤቶች የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ቤቱ ሁለት ሽቦ ብቻ ገብቶለት መሬት ማስያዣ ሲጎድለው፣ አንዳንድ ሠራተኛ የሶኬቱን የመሬት ጥርስ ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። በመለኪያ ሲታይ ሁሉ የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን ኒውትራሉ በምሰሶው ላይ ወይም በቆጣሪው ቢበጠስ ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ በኩል ፌዙ ወደ ኒውትራሉ ይሻገራል፤ ከዚያም «መሬት» ወደ ተባለው ብረት ሁሉ ይደርሳል። ማቀዝቀዣው፣ ቦይለሩ፣ ምጣዱና ከወለሉ በታች ያለው መረብ በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይሆናሉ። ቆጣሪው ጋ ፌዝና ኒውትራል ቢቀያየሩ ደግሞ መበጠስ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ የማሞቂያ ሽቦ የሚታሰብበት ቤት ከሁሉ በፊት እውነተኛ መሬት ማስያዣ ይበጅለት፤ የዘንጉም ተቃውሞ በመለኪያ ይረጋገጥ። ቤተሰቡ ማሞቂያውን ባይዘረጋ እንኳ ይህ ሥራ በከንቱ አይቀርም፤ የምጣዱ ንዝረት በዚያው ይቆማልና። ምናልባት ከማሞቂያው የሚበልጠው ጥቅም ይኸው ይሆናል።

የጭነቱ ነገር አጭር ነው። 3 ካሬ ሜትር የሚሞቅ የመታጠቢያ ወለል በ150 ዋት ሲታሰብ 450 ዋት፣ ማለት ሁለት አምፔር ገደማ ነው፤ ማንም ቤት ይሸከመዋል። 15 ካሬ ሜትር መኝታ ክፍል በ100 ዋት 1,500 ዋት፣ ወደ 7 አምፔር ነው። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር፣ 1,500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር ቢወስዱ አራቱ በአንድ ምሽት ሲገናኙ ከ31 አምፔር ያልፋሉ። ያን ጊዜ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ቤተሰቡ ምጣዱ የሚሠራበትንና ወለሉ የሚሞቅበትን ሰዓት ቢለይ መልካም ነው። ብሬከሩን በሚበልጥ መተካት ወይም በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ወፍራም ሽቦ መጠምጠም ግን ችግሩን ከብሬከሩ አንሥቶ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው ሽቦ ማዛወር ነው።

አሁን ወደ መዘርጋቱ እንምጣ። ሽቦው ከካርቶኑ ሲወጣ ሬዚስታንሱ በኦም መለኪያ ይለካል፤ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል። ብዙ አምራቾች ከ5 ከመቶ መቀነስና ከ10 ከመቶ መጨመር ያልበለጠ ልዩነት ይፈቅዳሉ። ከዚያም ሠራተኞች ሜገር በሚሉት መለኪያ በ500 ቮልት በማሞቂያው ሽቦና በመረቡ መካከል ያለው ሽፋን ይፈተናል። ይህ ሁለት ልኬት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፦ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ተዘርግቶ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት፣ ሴራሚኩም ከተነጠፈ በኋላ። ሁለተኛውን የሚዘልል ብዙ ነው፤ ዋናው ግን እርሱ ነው። ጉዳቱ በዚያ ሰዓት ቢገኝ ዋጋው የአንድ ጥቅል ሽቦ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢገኝ የወለል ዋጋ ይሆናል።

በሽቦዎቹ መካከል የሚተወው ርቀት በቀላሉ ይገኛል። የሚሞቀው ስፋት በካሬ ሜትር ለሽቦው ርዝመት በሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ርቀቱን በሴንቲሜትር ይሰጣል። ለ3 ካሬ ሜትር 45 ሜትር ሽቦ ቢኖር 6.7 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንዱ መስመር ሌላውን መንካት ወይም መሻገር የለበትም፤ በሚገናኙበት ቦታ ሙቀቱ ይደራረባል። መታጠፊያው ሰፋ ብሎ ይዙር እንጂ እንደ ወረቀት አይታጠፍ። ሙቁ ክፍልና መጋጠሚያው በሙሉ በሲሚንቶው ወይም በማጣበቂያው ውስጥ መቀበር አለባቸው፤ ከሴራሚኩ ሥር የአየር ኪስ ቢቀር ሽቦው በዚያ ቦታ ሙቀቱን የሚያስረክበው አጥቶ ራሱን ያቃጥላል። በቁም ሣጥንና በወፍራም ምንጣፍ ሥር እንዳይዘረጋ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ቤት ለእንግዳ ሲዘጋጅ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ቤት ነው፤ ሳሎን ለማሞቅ የሚያስብ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ከእመቤቲቱ ጋር ይነጋገርበት።

ቴርሞስታቱ ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ይሰቀል። ወለሉ ውስጥ የሚገባው የሙቀት ሴንሰር በሁለት የሽቦ መስመሮች መካከል፣ ጫፉ በተደፈነ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሲበላሽ ስቦ ለመለወጥ ያመቻል። በአውሮፓ መመዘኛ መሠረት ሰዎች የሚቀመጡበት ክፍል የወለሉ ፊት ከ29 ዲግሪ፣ የመታጠቢያ ክፍል ከ33 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲበልጥ አይመከርም። ከዚያ በላይ ያለው ምቾት አይደለም፤ እግርን ያብጣል፣ ጣውላን ያጣምማል።

ከሽቦው ጠላቶች ውስጥ ትልቁ የሥራ ቦታው ራሱ ነው። ሽቦው ተዘርግቶ በተኛበት ወለል ላይ የአንድ ጎማ ጋሪ ይነዳል፤ የንጣፍ ሠራተኛው ማጣበቂያ በባለ ጥርስ ብረት ይቀባል፤ ቧንቧ ሠራተኛው ከሁሉም በኋላ ይመጣና የመጸዳጃውን መቀመጫ በአራት ብሎን ለማሰር ወለሉን ይሰረስራል። የበር ማቆሚያ የሚመታው አናጢም አለ። ሁሉም የየራሳቸውን ሥራ በትክክል ይሠራሉ፤ ከሥር ያለውን የነገራቸው ግን የለም። በተዘረጋው ላይ ጣውላ ወይም ካርቶን ማንጠፍ፣ ሠራተኞቹን አንድ ላይ ጠርቶ ማሳየት፣ መለኪያውን ንጣፉ እየተሠራ ሳለም በሽቦው ላይ አያይዞ ማቆየት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ሲሚንቶው በደንብ ሳይጠነክር ማሞቂያውን «እንዲደርቅ» ብሎ መክፈት ደግሞ ትዕግሥት ማጣት ነው። ወፍራም የሲሚንቶ ወለል እስከ 28 ቀን ይጠበቅለታል፤ ለማጣበቂያው አምራቹ የጻፈው ቀን ይከበራል።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው? በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ደኅንነት ሕግ እንዲህ ያለውን ሥራ ለተመዘገበ ድርጅት ይሰጣል፤ በኖርዌይም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ እንደየግዛቱና እንደየከተማው ይለያያል፤ በብዙ ቦታ የቤቱ ባለቤት ፈቃድ አውጥቶ፣ በተቆጣጣሪ አስመርምሮ በገዛ ቤቱ ሊሠራ ይችላል። በዚያ ያሉ ወገኖች ይህን መጠየቅ ያለባቸው ከመዘርጋታቸው በፊት ነው፤ ያለ ፈቃድ የተቀበረ ሽቦ ቤቱ ሲሸጥ ወይም የመድን ጥያቄ ሲቀርብ ከወለሉ ሥር ብቅ ይላል። በአገራችን የቤቱ ባለቤት መለካቱን፣ መሳሉንና መዘርጋቱን በጥንቃቄ ሊያግዝ ይችላል። መሬት ማስያዣው፣ መቁረጫውና ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር ግን ብቃቱ የተረጋገጠ ባለሙያ ሊሠራው ይገባል።

ኖርዌይ ከኢትዮጵያ ጋር የምትመሳሰልበት አንድ ነገር አለ፤ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው በአብዛኛው ከውሃ ነው። ቤቶቿን በኤሌክትሪክ ማሞቅ የለመደችውም ለዚህ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የኢትዮጵያም ቤት ሁሉ ወለሉን ያሙቅ ማለት ግን ችኮላ ነው። በደጋው እንኳ ቀን ፀሐይ ትወጣለች፤ ብዙው ብርድ የሚገባው በበርና በመስኮት ክፍተት፣ በቆርቆሮውና ኮርኒስ በሌለው ጣሪያ በኩል ነው። ያን መድፈን ከሽቦ ይረክሳል፤ ቆጣሪም አያስቆጥርም። የአረጋውያን መኝታ ቤት፣ ሕፃን የሚታጠብበት ክፍል፣ በሽተኛ የሚተኛበት ቤት ግን ሌላ ነው። በዚያ ከማንደጃው ይልቅ ሽቦው ተመራጭ ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ወፍራም ወለል የያዘውን ሙቀት ቀስ እያለ ለተወሰነ ሰዓት ይሰጣል።

ማሞቂያው ሥራ ከጀመረ በኋላ በየወሩ የመቁረጫው መፈተኛ ቁልፍ ይጫን፤ ካልቆረጠ ይለወጥ። መቁረጫው በራሱ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ቤተሰቡ «መሣሪያው ተበላሸ» ብሎ ከመንገድ እንዳያወጣው ሊነገረው ይገባል፤ ምናልባት ሽቦው ተጎድቷል። የተጎዳው ቦታ በመለኪያ ይፈለጋል፤ አንድ ወይም ሁለት ሴራሚክ ተነሥቶ አምራቹ በሚሰጠው መጠገኛ ይቀጠላል። ይህ የሚቻለው ግን ሽቦው የት እንዳለ ከታወቀ ነው። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ከግድግዳ እስከ ሽቦው ያለው ርቀት የተጻፈበት ሥዕል ይነሣ፤ መጋጠሚያውና ሴንሰሩ ምልክት ይደረግባቸው፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ሦስቱ ልኬቶች ከነቀናቸው፣ ከጥቅሉ የተነሣችው ወረቀትም አብራ፣ በብሬከሩ ሣጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፉ። ቤቱን ወደ ፊት የሚገዛ ወይም የሚወርስ ሰው መሰርሰሪያውን ከማንሣቱ በፊት የሚያየው ቦታ እርሱ ነው።